ጭልፊት ወረፋ የሚጠብቅበት ሆስፒታል

ቅዳሜ ማታ፣ ቦሌ

ሥራዬ ዶሮ ነው። በቢሾፍቱና በዙሪያዋ ባሉ እርባታዎች እየዞርኩ አክማለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አንዲት ዶሮ ለብቻዋ አክሜ አላውቅም። የማክመው ቤት ሙሉ ዶሮ ነው። ሁለት ሺህ ዶሮ ባለበት ቤት ሃያ ሲሞቱ ይደወልልኛል። ከሞቱት ሁለት ሦስቱን ከፍቼ አያለሁ። በሽታው ሲታወቅ መድኃኒቱ በመጠጥ ውሃ ይበጠበጣል፣ የቀሩት ይተርፋሉ። ለአንዲት ዶሮ ብሎ ሐኪም የሚጠራ የለም። እኛ አገር ዶሮ ስታኮርፍ የሚሳልላት ቢላ ነው።

ትምህርቱም እንደዚያው ነበር። የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ሲከፈት የአገሪቱ ጭንቀት ከብት፣ በግ፣ ግመልና ዶሮ ነበር። አሁንም ያው ነው። ስለ በቀቀን የተማርኩት ነገር ቢኖር ከሰው ጋር የሚጋራው በሽታ ብቻ ነው፤ እሱም ለፈተና ያህል።

ስለዚህ ለአንድ ወፍ ራጅ የሚነሳበት፣ ደም የሚመረመርበት ቦታ በዓይኔ ማየት ስመኝ ኖሬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። «ና ብቻ፣ የእረፍት ቀኔ ላንተ ነው» አለችኝ። ጥቅምት ላይ መሄዴም አለምክንያት አይደለም። ሙቀቱ ጋብ ይላል። ደግሞ የጭልፊት አደን ወቅት ሊጀምር ሲል ባለቤቶቹ ወፎቻቸውን ለምርመራ የሚያጎርፉበት ሰሞን ነው።

በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከአገር የምትወጣው። «አንተስ ለምን ትሄዳለህ?» አለችኝ። «ወፍ ሆስፒታል ለማየት» ስላት ዝም ብላ አየችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እሁድ፣ ሻርጃ

የአክስቴ ልጅ የምታርፈው እሁድ ነው። ከዱባይ ሻርጃ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋ። የእንስሳትና የአዕዋፍ ገበያ አለ፣ እዚያ ወሰደችኝ።

ጫጫታው ከሩቅ ይሰማል። ሱቆቹ ተደርድረዋል። ካናሪ፣ እርግብ፣ ድርጭት፣ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ ዶሮ፣ የፍቅር ወፎች የሚባሉት ትንንሾቹ በቀቀኖች። ኬጅ በኬጅ ላይ ተደራርቧል። ለወፍ ሐኪም ይሄ ዓይነት ቦታ አያዝናናም። ከአንዱ ኬጅ የሚወድቀው ኩስ ከሥሩ ያለው ኬጅ ውስጥ ይገባል። በሽታ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይፈልግም።

አንዱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ወፍ ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ሻጩን ጠየቅኩት። «ተኝቶ ነው» አለ። በቀን ብርሃን፣ ሌሎቹ እየተንጫጩ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ላባውን ነፍቶ የሚተኛ ወፍ ታማሚ ነው። ላባውን የሚነፋው ሙቀት ስለሚያንሰው ነው። ወፍ በሽታውን ይደብቃል። ዱር ውስጥ የደከመ መስሎ የታየ ወፍ ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ እስከሚችለው ድረስ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ታመመ ብለን ስናየው በአብዛኛው ከታመመ ሰንብቷል።

ግራጫው የአፍሪካ በቀቀንም ነበር። ሰው እንደ ልብ የሚያናግረው እሱ ነው። አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። ለንግድ ሲባል ስለተመናመነ፣ ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዱር የተያዘው በዓለም አቀፍ ንግድ ድንበር እንዳይሻገር ተከልክሏል። የሚሸጠው በሰው እጅ የተፈለፈለው መሆን አለበት። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ሻጩ ወዲያው ሌላ ደንበኛ አገኘ።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ስንት እንደሚሸጥ ሰምታ አፏን ያዘች። እኔ ደግሞ የገረመኝ ሌላ ነው። የራሳችን በቀቀን አለን። ግንባሩ ቢጫ የሆነው፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ። ጥቁር ክንፍ ያለው የፍቅር ወፍም አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያለው ግቢ ሁሉ ላይ ይንጫጫል። ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም።

ሰኞ፣ ዱባይ

እመቤቷ ፈቀዱ። የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ቤት አንድ ግራጫ በቀቀን አለ። ደረቱን ራሱ ነጭቶ ነጭቶ ቆዳው ወጥቷል። ዛሬ ቀጠሮው ስለነበር ሾፌሩ እኔንም ጨምሮ ወሰደን።

ክሊኒኩ ወፍና ከውሻ ከድመት ውጭ ያሉትን የቤት እንስሳት፣ በሙያው አነጋገር ኤግዞቲክ የሚባሉትን ያክማል። ተጠባባቂዎቹን ማየት ብቻ ትምህርት ነው። አንዲት ሴት ጥንቸል አቅፋለች። ከትናንት ጀምሮ አልበላም አለች። ወዲያው አስገቧት። ጥንቸል ማስታወክ አይችልም። ካልበላ ደግሞ አንጀቱ ይቆማል። አንድ ቀን ሙሉ ያልበላ ጥንቸል ድንገተኛ ታካሚ ነው። አንድ ልጅ ደግሞ ቅርፊቱ የለሰለሰ ኤሊ ይዞ መጥቷል። ኤሊው የሚኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። ፀሐይ በመስኮት ይገባለታል፣ አጥንት የሚያጠነክረው የፀሐይ ጨረር ግን በመስታወት አያልፍም። ፀሐይ በሞላበት አገር በፀሐይ እጦት የታመመ ኤሊ አየሁ!

ሐኪሙ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ሙያ አጋሩ መሆኔን ሲሰማ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ያደረገው ነገር ምንም ነው። በቀቀኑን ከኬጁ አላወጣውም። ራቅ ብሎ ቆሞ ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ አየው። ሲተነፍስ ጭራው ከፍ ዝቅ ይላል ወይ? በሁለቱም እግሩ እኩል ይቆማል? የኬጁ ወለል ላይ ያለው ኩስ ምን ይመስላል? «አንዴ ከያዝኩት በኋላ የማየው የፈራ ወፍ ነው። የታመመውን ማየት የምችለው አሁን ነው» አለኝ።

ይሄን ጊዜ በቀቀኑ ጮኸ። «ሀሎ! ሀሎ! ይሰማል?»

በአማርኛ! ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀ። የአክስቴ ልጅ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች። ማታ ማታ እናቷ ጋ ስትደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ወፉ የለመደው እሱን ነው። ከቤቱ ሰዎች የማንንም ስም አይጠራም። የሚጣራው እሷ እንደምትጣራው ነው።

ሐኪሙ ሳቀና ጥያቄውን ሁሉ ወደ እሷ አዞረ። እሱ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ። ምን ይበላል? ሱፍ ብቻ። ስንት ሰዓት ይተኛል? ሳሎን ስለሆነ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ፣ እኩለ ሌሊት ድረስ አይተኛም። ከማን ጋር ይውላል? ድሮ ከልጆቹ ጋር፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብተዋል። መንጨት የጀመረው መቼ ነው? እሷ ለእረፍት አገር ቤት የሄደች ጊዜ። ይሄን ሁሉ እመቤቷ ቢጠየቁ የሚያውቁት አይመስለኝም። ወፉን የሚያውቀው ደመወዝ ተከፍሎት የሚያየው ሰው ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አስደነገጣት። «ሳሎን ውስጥ ቡኹር ይጨሳል?» ቡኹር የአረቦቹ ዕጣን ነው። በየቀኑ ነው እንጂ! የወፍ ሳንባ እንደ እኛ አይደለም። አየር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፍበት። ወፉ ሲያስገባም ሲያስወጣም አዲስ አየር በሳንባው ውስጥ ይሄዳል። ከሳንባው ሌላ በሰውነቱ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች አሉት። ለመብረር ፍጹም ነው። ለጭስ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን ምድጃ ላይ ሲረሳ የሚለቀው ጋዝ ሰውን ያን ያህል ሳይጎዳ በቀቀን ይገድላል። «እኔ እሁድ እሁድ ክፍሌ ውስጥ ቡና ሳፈላ ዕጣን አጨሳለሁ፤ እሱስ?» አለች። በሩን ዝጊ ተባለች።

በመጨረሻ በፎጣ ያዘው። ደረቱን ሳይጫን። ወፍ ድያፍራም፣ ማለትም ደረትና ሆድን የሚለየው የትንፋሽ ጡንቻ፣ የለውም፤ የሚተነፍሰው ደረቱን አንስቶ ነው። ደረቱን ጨብጠው የያዙት ወፍ አፍንጫው ክፍት ሆኖ ይታፈናል። ሚዛን ላይ ሲወጣ 410 ግራም ነበር። ከባለፈው ቀጠሮ በ40 ግራም ቀንሷል። ለኛ 40 ግራም ምንም አይደለም። ለእሱ የሰውነቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ደም ከአንገቱ በቀኝ በኩል ወሰደ። እኛ ከዶሮ ክንፍ ሥር ነው የምንወስደው። ከጤነኛ ወፍ ክብደቱን አንድ መቶኛ ያህል ደም መውሰድ ይቻላል። ለዚህኛው አራት ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። እሱ ግን አንድ እንኳ አልሞላም።

የጭንቅላቱ ላባ ምንም አልተነካም። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። ምንቃሩ የማይደርስበት ቦታ ላይ ላባው ሙሉ ከሆነ፣ የሚነጨው ራሱ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ግን የጉበት ሕመምም፣ የካልሲየም እጦትም፣ ብቸኝነትም ሊሆን ይችላል። የደም ውጤቱ እስኪመጣ መድኃኒት አልታዘዘለትም። የታዘዘው አታክልት፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ የበቀቀን ምግብ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት እንቅልፍና የሚታኘክ እንጨት ነው። የአክስቴ ልጅ ሁሉንም በአረብኛ ለእመቤቷ በድምፅ መልእክት ላከች። የቡኹሩን ነገር ግን «አንተ ጻፍላቸው» አለችኝ።

ማክሰኞ

ወደ አቡ ዳቢ የሚሄደው አውቶቡስ 25 ድርሃም ነው። መንገዱ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ የሚታይ ነገር የሌለው። ተኝቼ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ አቡ ዳቢ

የአቡ ዳቢ የጭልፊት ሆስፒታል ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአየር ማረፊያው አቅጣጫ፣ በሰዊሓን መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ። በዓመት ወደ 11,000 ገደማ ጭልፊት ያያል። በዓለም ትልቁ የጭልፊት ሆስፒታል እየተባለ ነው የሚጠራው። ለረጅም ዓመታት የመሩት ጀርመናዊቷ ሐኪም ዶክተር ማርጊት ሙለር ናቸው። አስቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ጎብኚ ክፍት ነው። የእኔ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር።

እኛ ሰፈር ጭልፊት ማለት ጫጩት ነጣቂ ነው። ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ሕፃን አዋቂ ሳይል «እሽ! እሽ!» ይባላል፣ ድንጋይ ይነሳል። እዚህ ስገባ ያ ጫጩት ነጣቂ ወረፋ ይዟል። በተቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሠራሽ ሣር በለበሰ ረጅም መቆሚያ ላይ፣ ጭልፊቶች ተራ በተራ ተደርድረዋል። ሁሉም ዓይናቸው ቡርቁዕ በሚሉት የቆዳ ቆብ ተሸፍኗል። ካላዩ አይፈሩም። ከኋላ ባለቤቶቻቸው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ስልክ ይነካካሉ። ድምፅ የለም። ማንኛውም የሰው ሆስፒታል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ይጮሃል።

ሣሩ ለጌጥ አይደለም። በሰው እጅ ያለ ጭልፊት ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲቆም መዳፉ አንድ ቦታ ላይ ይጫናል። ደሙ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ባክቴሪያ ይገባል። ያብጣል፣ ይመግላል፣ ሲብስ አጥንት ድረስ ይደርሳል። በተለይ በሙቀቱ ወራት ላባ ሲቀይር ሳይበር የከረመ፣ የወፈረ ጭልፊት ይጠቃል። ሲብስ ቀዶ ሕክምና ይሠራለታል፣ ከዚያ መዳፉ ሥር ለስላሳ ጫማ ታስሮለት ሳምንታት ይቆያል። በሽታውን አውቀዋለሁ። ዶሮዎቻችንም አለባቸው። የአንዲት ዶሮ መዳፍ ገልብጦ ያየ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ያየሁት ጥፍር ማስተካከል ነው። ዱር ውስጥ ዐለቱ ይሞርደዋል፤ እዚህ ሰው ነው የሚሞርደው። ረዳቱ ጭልፊቷን በሁለት እጁ ያዛት፣ ቡርቁዑ ተነሳ፣ ጭንብሉ ፊቷ ላይ ተደረገ። አይሶፍሉሬን የሚባለው የማደንዘዣ ጋዝ ነው። ጥቂት ትንፋሽ ወሰደችና አንገቷ ለቀቀ። ሰኞ ዕለት ስለ ጭስ ያልኩት ሳንባ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ጋዙ ቶሎ ይገባል፣ ሲዘጋ ቶሎ ይወጣል። ጥፍሯ ተቆረጠ፣ በትንሿ ሞተር ተሞረደ፣ ምንቃሯ ተስተካከለ። ጋዙ ተዘግቶ ኦክስጅን ብቻ ሲሰጣት፣ ሻይ ቀድተን ሳንጨርስ ራሷን ቀና አደረገች።

ከዚያ ቀጥሎ ያየሁትን ግን እስካሁን ሳወራው ሰው አያምነኝም። መሳቢያ ተከፈተ። ውስጡ ላባ ብቻ ነው። በዝርያ፣ በቀኝና በግራ ክንፍ፣ በቦታው ተለይቶ የተደረደረ። ጭልፊቶች በየዓመቱ የሚጥሉት ላባ ተለቅሞ ይቀመጣል። አንድ ጭልፊት ከክንፉ ላባ ሁለቱ ተሰብሮበት መጥቷል። የተሰበረ ላባ ያለው ጭልፊት ሚዛኑ ይዛባል። ፔሪግሪን የሚባለው ዝርያ ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በዚያ ፍጥነት የአንድ ላባ ጉድለት ቀላል አይደለም። ደግሞ ጎረቤቱ ላባ ድጋፍ ስለሚያጣ እሱም ይሰበራል። እስኪቀይረው መጠበቅ አንድ የአደን ወቅት ማጣት ነው።

ሐኪሟ የተሰበረውን ላባ ግንድ ትንሽ አስቀርታ ቆረጠችው። ከመሳቢያው አምሳያውን መረጠች። አንዴ ለካች፣ መለሰችው፣ ሌላ አነሳች። ከዚያ ከቀርከሃ የተጠረበች ቀጭን መርፌ ግማሿን አዲሱ ላባ ውስጥ፣ ግማሿን የቀረው ግንድ ውስጥ አስገብታ በማጣበቂያ ገጠመችው። አድጎ የጨረሰ ላባ እንደ ጥፍር የሞተ ነገር ነው፤ ደምም ሕመምም የለውም። ሲያልቅ የትኛው የራሱ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ ለየሁ ብል እዋሻለሁ። በሚቀጥለው የሙቀት ወቅት ላባውን ሲቀይር የተቀጠለው ይወድቃል፣ የራሱ ይበቅላል።

የመጨረሻው ታካሚ እንደነዚህ ቀላል አልነበረም። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ቶሎ ይደክማል።» ይበላል፣ ይቆማል፣ ያምራል። ግን ይደክማል። በግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ ትንሽ ቀዳዳ ተበሳለትና ኢንዶስኮፕ የሚባለው ውስጥ ማያ ቀጭን መሣሪያ ገባ። ስክሪኑ ላይ የአየር ከረጢቱ እንደ ብርጭቆ የጠራ መሆን ነበረበት። ግድግዳው ላይ ግን ነጭና አረንጓዴ የሻገተ ነገር ተለጥፏል። አስፐርጊለስ የሚባለው ፈንገስ ነው።

ይሄን ስም ስሰማ አገሬ የተመለስኩ መሰለኝ። ፈንገሱ አንድ ነው! ጫጩት ቤት ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የተነጠፈ ጊዜ ጫጩቶቹን አፋቸውን አስከፍቶ የሚያስተነፍሳቸው እሱ ነው። እኛ ሰጋቱራውን አውጡ እንላለን፣ የሞተውን እንቀብራለን፣ እንቀጥላለን። ይሄ ጭልፊት ግን ቮሪኮናዞል የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፣ በጭጋግ መልክ መድኃኒት ይተነፍሳል፣ ለሳምንታት፣ ምናልባት ለወራት፣ ኢንዶስኮፑም ይደገምለታል። የሰሜን ዋልታ ጭልፊትና ዲቃሎቹ በዚህ በሽታ በጣም ይጎዳሉ። ሻጋታ በማያድርበት ብርድ ውስጥ የኖረ ዘር ነው። ትልቅና ነጭ ስለሆነ የባሕረ ሰላጤው ሰው ይወደዋል።

አዛውንቱ ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንደምሠራ በአስጎብኚው በኩል አስጠየቁኝ። ዶሮ አክማለሁ አልኩ። ጭልፊት የሚበላው ድርጭት፣ እርግብና ጫጩት ነው። ሳቅ ብለው፣ «እሱ የሚያክመው የኔን ልጅ ምሳ ነዋ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይባላል?

ስለ ጭልፊቱ ፓስፖርት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ቀልድ አይደለም። ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለጭልፊት ፓስፖርት ይሰጣሉ። የእግሩ ቀለበት ቁጥር፣ ዝርያው፣ ባለቤቱ ተጽፎበታል። ከዱር የተሰረቀ ወፍ በድንበር እንዳይሾልክ ነው። ጭልፊት በአውሮፕላን ሰው ከሚቀመጥበት ጋር እንዲሳፈር የሚፈቅዱ የአካባቢው አየር መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወንበር ላይ ተደርድረው የተነሱት ጭልፊቶች ፎቶ ዓለምን ዞሮ የለ?

እሳቸው ስለ ሳከር አነሱ። አረቦች ከጥንት ጀምሮ የሚያሠለጥኑት ጭልፊት ነው። በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ሞንጎሊያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እያረፈ በብዛት ይሞታል። አቡ ዳቢ እዚያ 5,000 ሰው ሠራሽ ጎጆ እንዲተከል ገንዘብ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1995 በተጀመረው በሼኽ ዛይድ ስም የሚጠራ ፕሮግራምም ለአደን የዋሉ ጭልፊቶች ወቅቱ ሲያልቅ ተመርምረው ወደ ዱር ይለቀቃሉ። እስካሁን ከ2,000 በላይ ተለቀዋል። ሳከር የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ ከሚከርምባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይሄን ስነግራቸው አዛውንቱ ተነስተው ጨበጡኝ። እዚያ ማን ያክመዋል ብለው ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ደግነቱ አልጠየቁም።

ሐሙስ፣ አቡ ዳቢ

ምሳ የሐበሻ ምግብ ቤት በላሁ። ጎኔ የተቀመጠው የወሎ ልጅ ነው። ለምን እንደመጣሁ ሲሰማ «ወላሂ፣ እኔም የእንስሳ ጠባቂ ነበርኩ» አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ባለ ሀብት እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። ግመል፣ ሚዳቋ፣ በቀቀን። አንድ ቀን ጌታው የአቦሸማኔ ግልገል ይዘው መጡ።

«ከድመት አይበልጥም ወንድሜ። ጠጉሩ ጀርባው ላይ ብን ብን ያለ። በጡጦ ነው ያሳደግኩት። ሥጋ ሲጀምር የዶሮ ደረት ብቻ አብሉት ተባልኩ፤ አጥንት እንዳያንቀው።»

ቀሪውን ሳይነግረኝ አወቅሁት። ሥጋ ብቻውን ካልሲየሙ በጣም ጥቂት ነው። ዱር ውስጥ አጥንቱንም ቆዳውንም ነው የሚበላው። ደረት ብቻ የሚበላ ግልገል አጥንቱ ይለሰልሳል። «የፊት እግሩ እንዲህ ሆነ» ብሎ ክንዱን አጠፈልኝ። ሐኪም መጣ፣ መርፌ ሰጠው፣ ምግቡን ቀየረው። ዘግይቶ ነበር።

ከየት እንደመጣ አልተነገረውም። እሱም አልጠየቀም። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ፣ ከኛም አገር ጭምር፣ በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል በጀልባ ወደ ዓረብ ምድር ሲሻገሩ ኖረዋል። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ሶማሌላንድ ውስጥ የተያዙትን የሚንከባከብ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት አለ። እኛም ጋ ሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባለው የቦርን ፍሪ ማዕከል ከሕገ ወጥ እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ይዟል። ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሕግ ግለሰብ አደገኛ አውሬ እንዳይዝ ከልክለዋል።

እኔ ስለ ሕጉ ሳወራ የወሎው ልጅ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ» አለ። «አጥንት ሰጥቼው ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ሊተርፍ ይችል ነበር። እንደዚያው አልኩት። መደበቅ አልፈለግሁም። ትእዛዙ ግን የእሱ እንዳልሆነ ጨምሬ ነገርኩት።

ዓርብ

ከዱባይ ግዢ። ለእናቴ ጫማ፣ ለራሴ እስከ ግራም የምትመዝን ትንሽ ሚዛን። የአክስቴ ልጅ አየር ማረፊያ ድረስ ልትሸኘኝ አልቻለችም፤ ሥራ ላይ ናት። የበቀቀኑ የደም ውጤት ካልሲየሙ ዝቅ ያለ መሆኑን ጻፈችልኝ። መንጨቱን አልተወም። ግን ከሳሎን ወጥቶ ከእሷ ክፍል አጠገብ ያለ ኮሪደር ውስጥ እንዲተኛ ተፈቅዶለታል።

ሰኞ፣ ቢሾፍቱ

ገና ቡና ሳልጠጣ ስልክ ተደወለ። እትዬ፣ ደንበኛዬ ናቸው። ስምንት መቶ ቄብ አላቸው። «ዶክተር፣ ድረስልኝ፣ ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሞቱብኝ፣ ፈንግል ነው መሰለኝ!»

ፈንግል ከሆነ ጨዋታ የለም። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። እትዬ አስከትበዋል፤ ካርዱን አውቀዋለሁ። ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቦቲዬን አጥልቄ ቀጥታ ገብቼ የሞተውን ነው የማነሳው። ዛሬ ሽቦው ውጭ ቆምኩ። ማን ላባውን ነፋ? ማን አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል? አንገቷ የተጠማዘዘ፣ ክንፏ የወደቀ አለች ወይ? ሁሉም ችግር ያለው አንዱ ጥግ ላይ ብቻ ነው፣ ውሃው የሚንጠባጠብበት ጋ። ሰጋቱራው እዚያ ጋ ጠቁሯል።

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ቆመዋል። ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ምነው ዶክተር፣ አረብ አገር ደርሰህ ብትመጣ ዶሮ መንካት ተጠየፍክ? ግባ እንጂ!»